የአቧራ መቀነት

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ፍላሹ ዛሬ ደረሰ። ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በፖስታ ታሽጎ። የፖስታው ጫፍ ትንሽ ተነሥቷል። ሾፌሩን "ከፍተኸዋል እንዴ?" ስለው "ምን ላደርገው አባቴ!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

የላከችው ሳሊሀ ናት። ከዚህ ብዙ የማትርቀው የሮቢት ከተማ ልጅ ናት፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ቆቦ ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። አሁን አዲስ አበባ ለዶክትሬቷ ጋላክሲ ታጠናለች። አርባ ምስል ልካልኛለች። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። እሷ ለብቻዋ ለክታቸዋለች፤ እኔ ደግሞ የእሷን ውጤት ሳላይ እንድለካቸው ነው። የሁለት ሰው ልኬት ሲገጥም ነው የሚታመነው። "ከእርስዎ የበለጠ ጠንቃቃ ሰው አላውቅም ጋሼ" ይላል ደብዳቤዋ።

ለምን እኔን? አዲስ አበባ ዓይን ያለው ሰው ጠፍቶ ነው? ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ ስቆም ሥራዬ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ደስ ብሎኛል። ለባለቤቴ ለብዙነሽ ግን አልነገርኳትም።

ጥር 16፣ ዓርብ

በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ዐሥሩን ለካሁ። ቁልፉ መህዲ ዘንድ ነው፤ የአይሲቲው መምህር። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ይከፍትልኛል፤ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም?

ሥራው እንዲህ ነው። ኮሌጅ ሳለን ሞላላ ጋላክሲ ማለት ያረጁ ኮከቦች ብቻ የቀሩበት ባዶ ቤት ነው ተብለን ነበር የተማርነው። ጋዝ የለው፣ አቧራ የለው። በኋላ በደንብ ሲታዩ አንዳንዶቹ ወገባቸው ላይ ጥቁር ነገር ታጥቀው ተገኙ። አቧራ ነው፤ ከኋላው ያለውን ብርሃን ይጋርዳል። ሳሊሀ "የአቧራ መቀነት" ትለዋለች። ጥያቄው አቧራው ከየት መጣ ነው። ከራሳቸው ካረጁት ኮከቦች የረገፈ ነው ወይስ በአጠገባቸው ሲያልፍ ከዋጡት ትንሽ ጋላክሲ የመጣ? የቤት ከሆነ መቀነቱ አብዛኛውን ጊዜ የጋላክሲውን ርዝመት ተከትሎ ይተኛል። ከውጭ የገባ ከሆነ ግን በፈለገው በኩል ያቋርጣል። ስለዚህ መቀነት ያለውን ለይቼ ማዕዘኑን ከምስሉ ግርጌ ጀምሮ መለካት ነው የእኔ ሥራ።

እኔን የጠየቀኝ ካለ ከውጭ ነው። አቧራ መቼም ከውጭ ነው የሚገባው። የቆቦን ሜዳ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን አይከራከርም።

ጥር 21፣ ረቡዕ

የፈተና ወረቀት መጣ። ሁሉም ላይ ግራጫ ሰረዝ፣ ከላይ ወደ ታች በሰያፍ። የማባዣውን ሠራተኛ ቆጣሁት። ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዞ አየና "የቱ ጋ ነው ጋሼ?" አለኝ። በፌዝ መሆኑ ነው።

ብዙነሽ፦ "የስኳሩን ክኒን ዋጥክ?" ዋጥኩ አልኳት። ከትናንት ወዲያ ነው የዋጥኩት።

ጥር 26፣ ሰኞ

እስካሁን ከለካኋቸው ሠላሳ በሃያ ሁለቱ መቀነት አለ። ሃያ ሁለት! እሷ "ከአርባው ጥቂቱ ብቻ ይኖረዋል" ነበር ያለችው። ምን ዓይነት ተመራማሪ ናት? ወይስ አውቃ ደብቃኛለች?

ሌላም አለ። አብዛኞቹ መቀነቶች ከሃምሳ እስከ ስልሳ ዲግሪ ባለው መሀል ይውላሉ። በሰማይ ላይ የተበታተኑ፣ የማይተዋወቁ ጋላክሲዎች፣ አቧራቸው በአንድ አቅጣጫ ተኝቷል! ይህን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መህዲ "ጥሩ እየሄደ ነው ጋሼ?" ሲለኝ "ምንም የለም" አልኩት።

ሳሊሀ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ፈተናዬን አንድም ሳትስት ሠርታ መጣች። "ከማን ቀዳሽ?" ብዬ ክፍሉ ሁሉ እያየ ሰሌዳ ፊት አቆምኳትና አዲስ ጥያቄ ሰጠኋት። ሠራችው። ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ይቅርታ አላልኳትም። መምህር ይቅርታ አይልም ብዬ ነው፤ ያኔ እንዲያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ይህን ቂም ይዛ እንደሆነስ?

የካቲት 2፣ እሑድ

ውጤቱን በቴሌግራም ላክሁ። ከአርባው ሠላሳ አንድ። ስለ አቅጣጫው ነገር አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ማዕዘኖቹን ብቻ። ቁጥሩን አይታ ራሷ ትድረስበት፣ ከዚያ የማን ሐሳብ ነው ስትል እናያለን።

የሳሎናችን ግድግዳ ላይ እርጥበት ወጥቷል፤ ሰያፍ ጥቁር መስመር። ብዙነሽን አሳየኋት። እጇን ግድግዳው ላይ አሳልፋ "ደረቅ ነው፣ ምንም የለም" አለች። ጥር ገና ሲገባ በኖራ ያስቀባችው እሷ ናት። የተበላሸ ሥራ መሸፈኗ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የሳሊሀ መልስ፦ "አመሰግናለሁ ጋሼ። በጣም ደክመውበታል። ሌላ አርባ እልክልዎታለሁ፤ እንደ መጀመሪያው ይለኩልኝ።" አለቀ። ስለ ሠላሳ አንዱ ትንፍሽ አላለችም። ሰው ይህን ያህል ነገር አይቶ ዝም የሚለው ሊወስደው ሲፈልግ ነው።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የአስተዳደሩ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተልጧል። ሲሚንቶውን አፍርሰው እንደገና ሲሠሩት አንዱን ደረጃ አሳጥረውታል፤ አለዚያ ሠላሳ ዓመት የወጣሁበትን ደረጃ አልስተውም።

ክፍል ውስጥም ሳቁብኝ። በጻፍኩት ላይ ደርቤ ጽፌ ኖሯል። የሰሌዳው ቀለም ለቋል፤ ለዳዊት፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ፍላሽ ከመጣ አራተኛ ቀኑ። ዛሬ ጨረስኩት። መቀነቱ እንደገና በብዙዎቹ ላይ፤ ማዕዘኑ እንደገና ከሃምሳ እስከ ስልሳ። ደስታዬ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። አንዳንዱን ጋላክሲ የማውቀው ይመስለኛል፣ በሌላ ጎኑ የተኛ ሰው እንደማየት።

ስክሪኑም ተቀይሯል። የበፊቱ ብሩህ ነበር፤ የአሁኑ ጥግ ጥጉ ደብዛዛ ነው። መምህራን ክፍል ሄጄ መህዲን ጠየቅሁት። "ወላሂ ጋሼ፣ ያው ነው፤ አልነካሁትም።" ከእሱ ጋር የሚቀመጡት መምህራን ይህን ሲል ተያዩ። የፋይሉን ቀን አየሁ፤ ትናንት የተከፈተበት ሰዓት የእኔ ሰዓት አይደለም። ወይም እኔ ልሁን፤ ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው፣ ስድስቱና ስምንቱ አይለይም።

ይህ ሰው ሥራዬን እየገለበጠ ለአንድ ሰው እየላከ ነው።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዳዊት ቢሮ ገብቼ፣ ለጉዳይ የመጡ መምህራን ባሉበት ተናገርኩ። ስክሪን ቀይሯል፣ ፋይሌን ከፍቷል፣ አልኩ። መህዲ ተጠራ። ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሁሉንም ሰማ። "ጋሼ ካሉ" ብሎ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልተከራከረም።

ዳዊት፦ "እስኪጣራ ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይ።"

የተከራከረ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ንጹሕ ሰው አይከራከርም? ወይስ ጥፋተኛ ነው የማይከራከረው? ከምሳ እስከ መውጫ ይህን ሳሰላስል ዋልኩ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ብዙነሽ ጓሮ ሆና ስልክ ስታወራ ሰማሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ "አልነገርኩትም… አዎ፣ ትናንት ደግሞ ሻዩን ከብርጭቆው ውጪ ነው የቀዳው… እሱ መች ያምናል፣ አንቺ ንገሪው…"

ስገባ ዘጋችው።

"ማን ነው?"

"ጌጤ ናት፣ እህቴ።"

ጌጤን "አንቺ ንገሪው" የምትላት ምን እንድትነግረኝ ነው? ጌጤ ከእኔ ጋር ከተነጋገረች ስንት ዓመቷ። ከብዙነሽ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ውሸቷን ከትከሻዋ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ፊቷን ሳይ መሀል ለመሀል ጥላ ነበረበት፣ አልተነበበልኝም። ፊቷን ከብርሃን አዙራ ቆማ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሳሊሀ፦ "ጋሼ፣ ለዒድ ሮቢት እመጣለሁ ኢንሻአላህ፤ ቆቦ መጥቼ በአካል እንነጋገራለን። እስከዚያ ምንም አይለኩ። ዓይንዎን ያሳርፉ።"

ዐሥር ጊዜ አነበብኩት። "ምንም አይለኩ"! እንግዲህ የጥናቱን ጽሑፍ ለኅትመት ያለ እኔ ልካዋለች ማለት ነው። "ዓይንዎን ያሳርፉ" የሚለው ደግሞ ሽማግሌ ጡረታ ሲያወጡ የሚባል ነው። እኔ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ጡረታ ሦስት ዓመት ይቀረኛል።

እልህ ይዞኝ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ "ያየሁትን አይቻለሁ። ከምስሎቹ ላይ መቀነቱን ልታጠፊው ብትሞክሪ እኔ ጋ ወረቀት አለ።" ከላክሁት በኋላ ላጠፋው ፈለግሁ፣ አንብባዋለች። ያስከፋኋቸውን ሰዎች ብቆጥር ከጥር ወዲህ ስንት ሆኑ? ሾፌሩ፣ የማባዣው ሰው፣ መህዲ፣ አሁን እሷ። ሁሉም በአንድነት ሊነሡብኝ አይችሉም፤ አይተዋወቁም እኮ። ታዲያ ምንድን ነው?

አቧራ የሞላበት ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ አላቆመም። ከጎብዬ የመጡ ሰዎች መንገዱ አይታይም ይላሉ። ስለዚህ የሚደበዝዘው ለእኔ ብቻ አይደለም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጠዋት፣ ብዙነሽ ገበያ ስትሄድ፣ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። የግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። መስመሩ አለ። የግራው ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እሾህ ከወጋኝ ወዲህ፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አይረዳኝም፤ ሁሉን የማየው በቀኙ ነው። ቀኙን ሸፈንኩ። ነጭ ጭጋግ። መስመር የለም።

ጭጋግ ውስጥ መስመር አይታይም፤ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም።

ለምን እንደሞከርኩት አላውቅም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

በዝርዝር ልጽፈው ነው፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው አሳምሮ እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ሳሊሀ ከዒዱ ማግስት መጣች። ብዙነሽ በር ላይ ስታቅፋት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ አልመሰሉም፤ ያኔ ጓሮ ሆና በስልክ የምታወራው ከእሷ ጋር ኖሯል። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ "ትምህርት ቤት እንሂድ ጋሼ" አለች። ከዳዊት ቁልፍ ወስዳለች። መህዲም እዚያ ነበር፤ እሷ ናት የጠራችው። "ዒድ ሙባረክ" አልኩት። "እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ" አለኝ። ዓይኑን አላየሁም።

ዐሥራ ሁለት ቁጥርን ከፈተች። እንደ ዕንቁላል የረዘመ ጋላክሲ ነው።

"መቀነቱን በጣትዎ ያሳዩኝ።"

አሳየኋት፤ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ።

"አሁን ምስሉን አዞረዋለሁ።"

ቀስ ብላ አዞረችው። ተኝቶ የነበረው ዕንቁላል ቆመ። ቀጥሎ በሌላው ጎኑ ተኛ። መቀነቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ስክሪኑ ነው" አልኩ። "ከየካቲት ጀምሮ ስናገር ነበር።"

መህዲ ሌላ ስክሪን ከወዲያኛው ጠረጴዛ አምጥቶ ገጠመልን። መቀነቱ እዚያም ነበር።

"ሁለተኛ የላክሁልዎት አርባ የመጀመሪያዎቹ ናቸው ጋሼ" አለች። "እያንዳንዱን በተለያየ አቅጣጫ አዙሬ ነው የላክኋቸው። ምስሉ ከዞረ መቀነቱም መዞር ነበረበት። የእርስዎ ማዕዘን ግን በብዙዎቹ ላይ ያው ነው። ያኔ ልነግርዎት ነበረብኝ። በጽሑፍ መንገር ፈርቼ ነው።"

"ፈተንሽኝ ማለት ነው።"

"አዎ። ፈተንኩዎት።"

ጋላክሲውን ዘጋችው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ፣ አመድማ ነጭ።

"አሁንስ?"

ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ፣ ባዶው ስክሪን ላይ፣ መቀነቱ ተኝቷል።

"አለ" አልኩ።

"ራስዎን ወደ ትከሻዎ ያዘንብሉት።"

አዘነበልኩ። መቀነቱ አብሮኝ አዘነበለ። ቀና አልኩ፤ አብሮኝ ቀና አለ።

ሳሊሀ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና "ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?" አለችኝ።

"ከጥምቀት ወዲህ" አልኩ።

ሳላስብ ነው ያልኩት። የማላውቀውን ነገር ቀኑን እንዴት አወቅሁት?

ልንወጣ ስንል "አንድ ነገር ልንገርዎት" አለች። እኔ ካየኋቸው ሠላሳ አንድ መቀነቶች ዐሥራ ሁለቱ እሷም ያየቻቸው ናቸው። ዐሥራ ስምንቱ የሉም። አንዱን ግን፣ ቁጥር ሃያ ሰባትን፣ እሷ ስታልፈው እኔ አይቼዋለሁ፤ ምስሉ ሲዞር ማዕዘኑ አብሮ ዞሯል። ቀጭን ነው፣ ጋላክሲውን በወርዱ በኩል ያቋርጠዋል።

"ከውጭ የገባ ሳይሆን አይቀርም" አለች። "እርስዎ ባያዩት አይገኝም ነበር።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስሰማት ግን የማስበው ዐሥራ ስምንቱን ነበር። ዐሥራ ስምንት ቦታ አቧራውን ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ጠዋት ዳዊት ቢሮ ሄድኩ። "በመህዲ ላይ የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ ስክሪኑም አልተቀየረም፣ ፋይሌንም አልነካም" አልኩ። "በሰው ፊት ነው የከሰስኩት፣ በሰው ፊት ይነገር።" በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቆሜ ደገምኩት። ምክንያቱን አልተናገርኩም። ከዚያ ተናገርኩት። "ዓይኔ ነው" አልኩ።

መህዲ ቁልፉን ከዳዊት ተቀበለ። አመስግኖኝ ይሄዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ጋሼ፣ ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር" አለኝ። "ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ እንኳ መናገር አቃተኝ። አንድ ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ሲያየኝ ነው የጾምኩት።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ቁልፉን ኪሱ እየከተተ "ከዐሥር ሰዓት በኋላ የምቆየው፣ ዕቃ ሲያነሡ እጅዎ ሲስት ስላየሁ ነው" አለ። "ብቻዎን መተው ፈርቼ።"

እዚህ ደብተር ላይ ስለ እሱ የጻፍኩትን ያየ ሰው የለም። እኔ ግን አለሁ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ፣ ደሴ

መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ትናንት ተከፈተ፣ ከብዙነሽ ጋር መጣን። የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ ብዙ ሰዓት አየችኝ። ስኳሩ ነው። ዓይኔ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አፍርሷቸዋል፤ የፈሰሰው ደም መስመር ሠርቶ ቀርቷል።

"ክትትልዎን ለምን አቋረጡ?" አለችኝ።

ብዙነሽ ወደ እኔ ዞረች። ማቋረጤን አታውቅም ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ቀጠሮ ሄድኩ እያልኩ ገበያ ዞሬ ነበር የምመለሰው። ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ "እኔን ነበር የምትጠረጥረኝ" አለች።

ነገ ዓይኔ ውስጥ መርፌ እወጋለሁ፤ ቀጥሎ የሌዘር ጨረር አለ። ያለውን ማቆየት ይቻላል ብላለች ሐኪሟ፤ የጠፋው ስለመመለሱ ግን ቃል አልገባችም። ለሁለት ሳምንት ማንበብና መጻፍ ክልክል ነው። ወደ ሰሌዳ ስለመመለስ ስጠይቃት "ቀስ ብለን እናየዋለን" አለች።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ፣ ቆቦ

የምጽፈው እኔ ብዙነሽ ነኝ። እሱ ይናገራል።

ዓይኔ እንደተሸፈነ ነው። ሳሊሀ ትናንት ደውላ ነበር። ቁጥር ሃያ ሰባት ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፤ የእኔም ስም ይገባል። ዐሥራ ስምንቱስ አልኳት። እነሱም ይጻፋሉ፣ እንዴት እንደተሳሳትን ማስረዳት አለብን አለች። "ተሳሳትን" ነው ያለችው። እኔ ብቻ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አረምኳት። ስለ ፈተናውም አነሣሁላት፣ ስለ ዐሥራ አንደኛ ክፍሉ፤ ያኔ ልክ አልነበርኩም አልኳት። "ቤት ስገባ አልቅሼ ነበር ጋሼ" አለች።

ደብተሩን ለብዙነሽ ከመስጠቴ በፊት ቀድጄ ላወጣቸው የፈለግኳቸው ገጾች ነበሩ። በእጄ ዳሰስኳቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። እንዳለ ሰጠኋት። "መጀመሪያ አንብቢው፤ ከዚያ መጻፍ ካልፈለግሽ ተይው" አልኳት። ገጽ ስትገልጥ እሰማ ነበር። አንድ ቦታ ሳቀች። አንድ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳትገልጥ ቆየች። የትኛው ገጽ እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶ ስትፈልግ ሰማሁና ቀኑን ነገርኳት።

አሁን እኔ የምለውን ትጽፍ ወይም ሌላ ትጽፍ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይህንንም ጻፊው አልኳት።

ጽፌዋለሁ።